የሮክ ዘፈን ሰባት ቤት እንዴት ይቆጠራል?

ነገሩ የጀመረው በማኪያቶ ውርርድ ነው። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ካፌ ተቀምጠን የአሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ የኤልቪስ ፕሪስሊ «ሃውንድ ዶግ» ተከፈተ። «እንደ ኤልቪስ ያለ ማን አለ!» አልኩ። ጓደኛዬ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ዘፈኑ እኮ የሱ አይደለም፣ የአንዲት ሴትዮ ነው» አለኝ። ተወራረድን፤ ስልክ ወጣ፤ ተሸነፍኩ፤ ከፈልኩ። ማታ ቤት ገብቼ ነገሩን ስበረብር ግን ጓደኛዬም ያልሰማው ሦስተኛ ሰው መሃል ላይ ቆሞ አገኘሁት። ኤልቪስ የዘፈነውን መልክ ያገኘው ከሴትዮዋ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሱስ ሆነብኝ። አንድ የቆየ የሮክ ዘፈን ጆሮዬ ከገባ፣ ሽማግሌ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደሚቆጥረው፣ እኔም የዘፈኑን አባትና አያት መቁጠር እጀምራለሁ። ሥራው ከባድ አይደለም። ስልክ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃሉ። እኔ የምሄድበትን መንገድ በቅደም ተከተል ላሳያችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ድርሰቱንና ቀረጻውን ለዩ

የካሴት ዘመን ሰው ከሆናችሁ ሽፋኑን አስታውሱ። ግጥም፦ እገሌ። ዜማ፦ እገሌ። ቅንብር፦ እገሌ። ከዚያ ፊት ለፊት የድምፃዊው ፎቶ። የኛ ሰው ይህን ልዩነት ድሮም ያውቀዋል፤ ወደ ፈረንጅ ዘፈን ሲሄድ ግን ይረሳዋል።

ግጥሙና ዜማው ድርሰት ነው። አንድ ሰው አንድ ቀን ስቱዲዮ ገብቶ የዘፈነው ደግሞ ቀረጻ ነው። ድርሰቱ አንድ ሆኖ ቀረጻው መቶ ሊሆን ይችላል። «ኦል አሎንግ ዘ ዋችታወር»ን ቦብ ዲላን ደርሶ በ1967 አወጣው። በ1968 ጂሚ ሄንድሪክስ በጊታሩ ሌላ ፍጥረት አደረገው። «የማን ነው?» ለሚል ሰው ሁለት መልስ አለ፤ ሁለቱም ልክ ነው።

የሙዚቃ ኢንዱስትሪውም ለሁለቱ ለየብቻ መለያ ቁጥር ሰጥቷል። አይኤስአርሲ የሚባለው 12 ፊደልና አኃዝ ያለው ሲሆን የቀረጻው ነው። አይኤስደብሊውሲ የሚባለው በ«ቲ» ፊደል ይጀምራል፤ የድርሰቱ ነው። እያንዳንዱ ከቨር (ሌላ ሰው እንደገና የዘፈነው ቀረጻ) የራሱ አይኤስአርሲ አለው። አይኤስደብሊውሲው ግን ከመጀመሪያው ቀረጻ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ የሁለት ቀረጻ አይኤስደብሊውሲ ከገጠመ ዝምድናቸው በወረቀት ተረጋግጧል ማለት ነው።

2. የሰማችሁት የትኛው ቀረጻ እንደሆነ ጻፉ

ይሄ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን እዚህ ነው። ሻዛም (የሰማውን ዘፈን የሚለይ የስልክ መተግበሪያ) ስሙን ይነግራችኋል። ዓመቱን ግን አትመኑ። የሙዚቃ መተግበሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ዘፈኑ እንደገና ተጠርጎ የወጣበትን ወይም በስብስብ አልበም የተካተተበትን ዓመት ነው። የ1964 ዘፈን 2009 ተብሎ ታገኙታላችሁ።

ርዝመቱንም ጻፉ፤ ያስፈልጋችኋል። ዘ አኒማልስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ የተጫወተው «ዘ ሃውስ ኦፍ ዘ ራይዚንግ ሰን» ሙሉው አራት ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። ለአሜሪካ ሬዲዮ በሲንግል (ከአልበም ውጪ ለብቻው በሚወጣ ሸክላ) የወጣው ግን ተቆርጦ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሁለት ሰው «ይሄኛው ነው ኦሪጂናሉ» እየተባባለ የሚጨቃጨቀው አንዳንዴ በአንድ ቀረጻ ላይ ነው።

የመድረክ ይሁን የስቱዲዮ ለዩ። አንድ ትራክ ውስጥም ሁለት ዘፈን ሊኖር ይችላል። ሳንታና በ1970 ያወጣው «ብላክ ማጂክ ውማን» የፍሊትውድ ማክ ባንዱ የፒተር ግሪን የ1968 ድርሰት ነው። መጨረሻ ላይ የሚፈነዳው የመሣሪያ ክፍል ግን የሃንጋሪያዊው ጊታሪስት የጋቦር ዛቦ «ጂፕሲ ኩዊን» ነው። አንዱን ብቻ ከቆጠራችሁ ግማሹ ዘመድ ይቀራል።

3. በሸክላው መሃል ያለውን ክብ ወረቀት አንብቡ

ዲስኮግስ የሚባል ድረ ገጽ አለ። በ2000 የተጀመረ ነው። ሰብሳቢዎች የሸክላቸውን ፎቶ ከነክቡ ወረቀት ይጭኑበታል። የሰማችሁትን ዘፈን ፈልጉና መጀመሪያ የወጣበትን እትም ፎቶ አጉሉት። ከዘፈኑ ርዕስ ሥር በቅንፍ ትንንሽ ስሞች አሉ። ደራሲዎቹ እነሱ ናቸው። ከባንዱ አባላት ስም ጋር የማይገጥም ስም ካያችሁ ዘፈኑ ከሌላ ቤት የመጣ ነው። በአንድ ደቂቃ ግማሽ ሥራ አለቀ።

ቀጥሎ የዛሬውን እትም ከድሮው ጋር አስተያዩ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ የሚወጣው። የሌድ ዜፕሊን «ሆል ሎታ ላቭ» በ1969 ሲወጣ ወረቀቱ ላይ የነበሩት የአራቱ አባላት ስሞች ነበሩ። ዛሬ የዘፈን ደራሲው የዊሊ ዲክሰን ስም ተጨምሯል። ዲክሰን የጻፈውን ዘፈን መዲ ዋተርስ በ1962 «ዩ ኒድ ላቭ» ብሎ ቀርጾታል። በ1985 ዲክሰን ዘፈኔ ተወስዷል ብሎ ከሰሰ፤ በ1987 ከፍርድ ቤት ውጪ ተስማሙ። በኋላ የተጨመረ ስም ካያችሁ ከጀርባው ጠበቃ አለ ብላችሁ ጀምሩ፤ ብዙ ጊዜ አትሳሳቱም።

«ትራድ» የምትል ቃል ስታዩ ደግሞ ቀስ በሉ። የሕዝብ ዜማ ነው፣ ደራሲው አይታወቅም ማለት ነው። እኛ ትዝታን ማን ደረሰው ብለን እንደማንጠይቀው ዓይነት። ግን አንዳንዴ «ትራድ» የሚጻፈው ማንም ስላልጠየቀ ነው። «ቤብ አይም ጎና ሊቭ ዩ» በጆአን ባዬዝ የ1962 አልበም ላይ የሕዝብ ዜማ ተባለ። ሌድ ዜፕሊንም በ1969 እንደዚያው ብሎ አሳተመው። ደራሲዋ አን ብሬደን ግን በሕይወት ነበረች። ስሟ የሌድ ዜፕሊን እትም ላይ የገባው በ1990 ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲት በሕይወት ያለች ሴት «ሕዝብ» ተብላ ቆየች።

4. በርዕስ ሳይሆን በደራሲ ስም ፈልጉ

ርዕስ ያሳስታል። «ዘ ፓወር ኦፍ ላቭ» የሚባል ዘፈን በ1984 እና በ1985 ብቻ ሦስት የተለያዩ ሰዎች አውጥተዋል፦ ፍራንኪ ጎውስ ቱ ሆሊውድ፣ ጄኒፈር ራሽና ሁዌ ሉዊስ። ሦስቱም ሂት ሆኑ፤ ምንም ዝምድና ግን የላቸውም። በተቃራኒው አንድ ዘፈን ስሙን እየለወጠ ይዞራል።

ስለዚህ ከወረቀቱ ያገኛችሁትን የደራሲ ስም ይዛችሁ ወደ ሰከንድሃንድሶንግስ ሂዱ። (በእንግሊዝኛ ሦስቱ ቃላት ተያይዘው ይጻፋሉ።) የከቨር መዝገብ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ድርሰት ስትከፍቱ የመጀመሪያው ቀረጻ ከላይ፣ ከቨሮቹ ከሥር በዓመት ተደርድረው ይመጣሉ። ሙዚክብሬይንዝ የሚባለውም ድርሰትና ቀረጻን በየገጹ ለይቶ ያስቀምጣል። ሁለቱንም የሚሞሉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ጎበዞች ናቸው፤ ግን ሰው ናቸው። እኔ ሁለቱ ካልተስማሙ ሁለቱንም ደብተሬ ላይ ጽፌ አልፋለሁ።

የአሜሪካ ደራሲ ከሆነ ደግሞ ሶንግቪው የሚባል መፈለጊያ አለ። አስካፕና ቢኤምአይ የተባሉት የደራሲያን መብት አስከባሪዎች በጋራ የከፈቱት ነው። በዛሬው ቀን ገንዘቡ ለማን እንደተመዘገበ ያሳያችኋል።

የዩቲዩብ አስተያየቶችን በተመለከተ፦ ለመዝናናት አንብቡ።

5. የተቀረጸበትንና የወጣበትን ቀን አታደባልቁ

በዚህ የወደቁ ብዙ ናቸው፤ እኔም ወድቄያለሁ። አንድ ዘፈን ዛሬ ተቀርጾ ከ20 ዓመት በኋላ ሊወጣ ይችላል። ማን ከማን እንደሰማ ለማወቅ የሚጠቅመው ደግሞ የወጣበት ቀን ነው። ያልወጣ ዘፈን በሸክላ ማንም አይሰማውም።

ለጥንታዊ የአሜሪካ ሸክላዎች በሳንታ ባርባራ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው ትልቅ የቀረጻ መዝገብ አለ። የድምፃዊውን ስም ስታስገቡ የተቀረጸበት ቀን፣ ከተማና ስንት ጊዜ እንደተሞከረ ይወጣል። አንዳንዱን እዚያው ማድመጥ ይቻላል።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንየው። በጣም የምወደው ነው።

ሮበርት ጆንሰን የሚሲሲፒ የብሉዝ (የጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃ ስልት) ተጫዋች ነበር። በ1938 በ27 ዓመቱ ሞተ። «ክሮስ ሮድ ብሉዝ»ን ኅዳር 27 ቀን 1936 በሳን አንቶኒዮ ቀረጸ። እንግሊዛዊው ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን ከክሪም ባንድ ጋር በ1968 በሳን ፍራንሲስኮ መድረክ ላይ «ክሮስሮድስ» ብሎ ተጫወተው። እስካሁን ቀላል ነው፤ አባትና ልጅ።

አሁን ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙ። ክላፕተን መሃል ላይ ወደ ሮዝዴል እወርዳለሁ የምትል ስንኝ ይዘፍናል። ሮዝዴል የሚሲሲፒ ትንሽ ከተማ ናት። የጆንሰን «ክሮስ ሮድ ብሉዝ» ውስጥ ግን ሮዝዴል የለችም። ከየት መጣች? ከሌላ የጆንሰን ዘፈን፣ ከ«ትራቭሊንግ ሪቨርሳይድ ብሉዝ»። ይሄኛው ሰኔ 20 ቀን 1937 በዳላስ ተቀረጸ፤ ሳይወጣም መጋዘን ቀረ። ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1961፣ የጆንሰን ዘፈኖች በአንድ ትልቅ ሸክላ ሲሰበሰቡ ነው። ከ1961 በፊት ሱቅ ገብቶ ያቺን ስንኝ ሊገዛ የሚችል ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሮዝዴል ዘፈኑ ውስጥ በገባች ቁጥር መንገዱ በዚያ የ1961 ሸክላ በኩል እንዳለፈ ታውቃላችሁ። አንዲት የከተማ ስም ይህን ሁሉ ተናገረች።

6. ጎን ለጎን ስሙ፣ የተለወጠውን ፈልጉ

ወረቀቱ ገንዘቡ ለማን እንደሚሄድ ይነግራችኋል። ማን ከማን እንደሰማ የሚነግራችሁ ጆሯችሁ ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አይገጥሙም።

ወደ «ሃውንድ ዶግ» እንመለስ። ጄሪ ሊበርና ማይክ ስቶለር ሲጽፉት ገና የ19 ዓመት ልጆች ነበሩ። ቢግ ማማ በመባል የምትታወቀው ዊሊ ሜይ ቶርንተን በነሐሴ 1952 በሎስ አንጀለስ ቀረጸችው፤ በ1953 መጀመሪያ ወጣ። ቀስ ያለ ብሉዝ ነው። ሴትዮዋ የምትሳደበው ውሻን አይደለም። ቤቷ ተወዝፎ የሚበላ ወንድ አለ፤ እሱን ነው ውጣልኝ የምትለው። በድምጿ ጥርሷን ነክሳ ስትዘፍን ይሰማል።

ኤልቪስ በሐምሌ 1956 ኒው ዮርክ የቀረጸውን ክፈቱ። ፈጠን ያለ ነው። እዚህ ስለ ጥንቸል ይነሳል፦ አንድ ጥንቸል እንኳ ይዘህ አታውቅም ይላል። ያ ገልቱ ወንድ የለም፤ እውነተኛ ውሻ ሆኗል። በቶርንተን ቀረጻ ውስጥ ጥንቸል ፈልጉ። አታገኟትም።

ታዲያ ጥንቸሏን ማን አመጣት? በዓመት ከተደረደሩት ከቨሮች ውስጥ በ1953 እና በ1956 መካከል ያሉትን አንድ በአንድ ስሙ። በ1955 የወጣው የፍሬዲ ቤል ኤንድ ዘ ቤልቦይስ ላይ ስትደርሱ ትዘላለች። ምቱም ከኤልቪስ ጋር ይገጥማል። ኤልቪስ በ1956 ጸደይ ላስ ቬጋስ ለሥራ ሄዶ ነበር። ቤልቦይሶች እዚያው ከተማ ይጫወቱ ነበር፤ ማታ ማታ እየሄደ ያያቸው ነበር። የኤልቪስ ሸክላ ወረቀት ላይ ግን የፍሬዲ ቤል ስም የለም። ያለው ሊበርና ስቶለር ብቻ ነው። ወረቀት ብቻ የሚያነብ ሰው ቤልቦይሶችን በጭራሽ አያገኛቸውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ደብተራችሁን በሦስት ዓምድ ክፈሉ። በመጀመሪያው የተጨመረ፣ የተቀነሰ ወይም የተለወጠ ቃል ጻፉ። በሁለተኛው ፍጥነቱንና ምቱን። በሦስተኛው መግቢያውን፣ ማለትም ድምፃዊው አፉን ከመክፈቱ በፊት የሚሰማውን። ሁለት ቀረጻ አንድ ዓይነት ለውጥ ካላቸው ዘመዶች ናቸው። አንድ ዓይነት ስህተት ካላቸው ደግሞ እርግጠኛ ሁኑ። ፈተና ላይ የተኮራረጁ ተማሪዎች የሚያዙት ሁለቱም ልክ በመለሱት ጥያቄ አይደለም፤ ሁለቱም በተመሳሳይ መንገድ በሳቱት ነው።

7. ሁሉንም በአንድ ዘፈን ላይ ሞክሩት

አሁን ጠቅለል አድርገን «ዘ ሃውስ ኦፍ ዘ ራይዚንግ ሰን»ን እንቁጠር። ይሄ ዘፈን ለጀማሪ ይከብዳል ይላሉ። እኔ ግን ከሱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ከሥር እንነሳ። ዘ አኒማልስ ከእንግሊዟ ኒውካስል የመጡ አምስት ልጆች ናቸው። ግንቦት 18 ቀን 1964 ለንደን ስቱዲዮ ገብተው ባንድ ሙከራ ቀረጹት። በዚያው ዓመት በእንግሊዝም በአሜሪካም አንደኛ ወጣ። ወረቀቱ «ትራድ» ይላል፤ ቅንብሩ ደግሞ የኦርጋኒስቱ የአለን ፕራይስ ነው ይላል። አምስቱን ስም የሚይዝ ቦታ ስላልነበረ የአንዱ ብቻ ተጻፈ ተብሎ ይነገራል። በዚህ የተነሳ የቅንብሩ ገንዘብ ወደ ፕራይስ ብቻ ሄደ። ዘፈኑ ሲነሳ ግን ሰው ሁሉ በአፉ የሚያንጎራጉረው የሂልተን ቫለንታይንን የጊታር መግቢያ ነው። ወረቀትና ጆሮ ተለያዩ ያልኩት ይሄንን ነው።

መግቢያውን ልብ በሉ። ቫለንታይን ኤ ማይነር የሚባለውን ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ይይዝና ክሮቹን አንድ በአንድ እየነካ ይወጣል፣ ይወርዳል። ምቱ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ ጭክጭካ የለመደ ጆሮ ቶሎ ይይዘዋል። ቫለንታይን የኮርዶቹን ቅደም ተከተል ከቦብ ዲላን ሸክላ እንዳገኘው ተናግሯል። ድምፃዊው ኤሪክ በርደን ደግሞ ዘፈኑን መጀመሪያ የሰማው ኒውካስል ክለብ ውስጥ ከአንድ የአካባቢው ዘፋኝ እንደሆነ ይናገራል። በአንድ ባንድ ውስጥ ሁለት ምስክር፣ ሁለት መንገድ። ምናልባት ሁለቱም እውነት ነው፤ ግጥሙ በአንዱ ጆሮ፣ ኮርዱ በሌላው ጆሮ ሊገባ ይችላል።

የዲላንን ክፈቱ። መጋቢት 1962 የወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ላይ ነው። ኮርዶቹ እውነትም እነዚያው ናቸው። ዲላን ግን የሚዘፍነው በሴት ልጅ አንደበት ነው፤ ያ ቤት ያበላሻት ሴት ናት። የአኒማልስ ወንድ ነው። ይቺን ጻፏት።

ዲላንስ ከየት አገኘው? ከዴቭ ቫን ሮንክ፣ ከኒው ዮርክ የፎክ (የሕዝብ ዜማ) ዘፋኝ። ቅንብሩን፣ ማለትም ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) በግማሽ ድምፅ እየወረደ የሚሄደውን አካሄድ፣ የፈጠረው ቫን ሮንክ ነው። ዲላን ልቅረጸው ወይ ብሎ ሲጠይቀው ቀርጾት ጨርሶ ነበር። ከዚያ የሆነው ያስቃል። ቫን ሮንክ ዘፈኑን ሲዘፍን ሰዎች «ከዲላን የሰረቅከው» ይሉት ጀመር። ተወው። አኒማልስ ሲያወጡት ደግሞ ዲላንን «ከአኒማልስ የሰረቅከው» አሉት። እሱም ተወው።

ቫን ሮንክ ዘፈኑን ያወቀው ሃሊ ውድ ከምትባል ዘፋኝ ቀረጻ ነው። እሷ ደግሞ ከጆርጂያ ተርነር። እዚህ ስንደርስ ሸክላ ቤቱን ለቀን ኬንታኪ ገጠር እንገባለን። መስከረም 1937 አለን ሎማክስ የተባለው የሕዝብ ዜማ ሰብሳቢ ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እየቀረጸ ሚድልስቦሮ ከተማ ደረሰ። ተርነር ያኔ የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። ያለ መሣሪያ፣ በባዶ ድምጿ ዘፈነችለት። ቀረጻው ስላለ ስሙት። የአኒማልስ ኦርጋን በጆሯችሁ ውስጥ እየጮኸ ይቺን ልጅ ስትሰሙ ትንሽ ደንገጥ ትላላችሁ።

እዚህ ላይ «አገኘሁት!» ብሎ ደብተር መዝጋት ያምራል። አትዝጉ። የመዝገቡን ዓመት ወደኋላ ብትገፉት ክላረንስ አሽሊና ግዌን ፎስተር በ1933 «ራይዚንግ ሰን ብሉዝ» ብለው ቀርጸውታል። ከሚታወቁት ቀረጻዎች የመጀመሪያው እሱ ነው። ርዕሱ ሌላ ስለሆነ በርዕስ ብትፈልጉት ያመልጣችሁ ነበር። ተራኪው ደግሞ ወንድ ነው! ስለዚህ አኒማልስ ሴቷን ወደ ወንድ ለወጧት ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ወንዱን እነሱ ፈጠሩት ማለት ግን አይቻልም። ወንዱም ሴቷም ከነሱ በፊት አሜሪካ ውስጥ ነበሩ።

የተርነር ዘፈን ከአሽሊ ሸክላ መጣ ማለትም አይቻልም። የመጀመሪያው ቀረጻ ማለት የሁሉም አባት ማለት አይደለም። አሽሊና ተርነር የአጎት ልጆች ናቸው ብላችሁ ብታስቡ ይቀላል፤ አያታቸው አልተቀረጸም።

8. ወደ ታችም ቁጠሩ

እስካሁን ወደ ላይ ነው የወጣነው። ከቨር ፍለጋ ወደ ታች ሲሆን ቀለል ይላል፤ መዝገቡ ብዙውን ሠርቶላችኋል። ሦስት ነገር ብቻ ልጨምር።

በሌላ ቋንቋ የተዘፈነውን አትርሱ። ፈረንሳዊው ጆኒ ሃሊዴይ በ1964 «ራይዚንግ ሰን»ን «ለ ፔኒተንሲዬ» ብሎ ዘፈነው። ቤቱ ወህኒ ቤት ሆነ። በእንግሊዝኛ ርዕስ ብቻ የፈለገ ሰው አያገኘውም፤ የድርሰቱን ገጽ የከፈተ ግን ወዲያው ያየዋል።

ከቨሩ የታወቀው ኦሪጂናሉ ስላልታወቀ ሊሆን ይችላል። «አይ ላቭ ሮክ ኤን ሮል»ን ሁሉም የጆአን ጄት ነው ይላል። ዘ አሮውስ የተባለ ለንደን የነበረ ባንድ በ1975 አውጥቶት ነበር። ጄት በ1976 እንግሊዝ ለጉብኝት ሄዳ በቴሌቪዥን አየቻቸው። በ1982 የሷ ቀረጻ አሜሪካ ውስጥ ለሰባት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ።

ቀስቱ ወደኋላም ይዞራል። ዲላን ከሄንድሪክስ በኋላ «ዋችታወር»ን መድረክ ላይ ሲጫወት ወደ ሄንድሪክስ አካሄድ አዘነበለ። አባት ከልጁ ተማረ ማለት ነው። ስለዚህ ደብተር ላይ የዘር ሐረግ ስትሥሉ መስመር ብቻ አታድርጉ፤ ቀስት ሥሩ፣ ዓመትም ጻፉበት።

9. ለልምምድ

«ሄይ ጆ»ን ሞክሩት። በታኅሣሥ 1966 ሄንድሪክስ እንግሊዝ ውስጥ ያወጣው የመጀመሪያ ሲንግሉ ነው። ትንሽ ፍንጭ ልስጣችሁ። ቢሊ ሮበርትስ የተባለ ዘፋኝ በ1962 በስሙ አስመዝግቦታል። ዘ ሊቭስ የተባለው የሎስ አንጀለስ ባንድ አፍጥኖ ተጫውቶታል። ቲም ሮዝ በ1966 ቀስ አድርጎ ዘፍኖታል። ሦስቱን ከሄንድሪክስ ጎን አስቀምጡና ፍጥነቱን ብቻ ስሙ፤ ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ በአሥር ሴኮንድ ይገባችኋል። ከዚያ ሄንድሪክስን ከኒው ዮርክ ወደ ለንደን ይዞት የመጣው ማን እንደሆነ ፈልጉ። ቻስ ቻንድለር ነው፤ የአኒማልስ ቤዝ ተጫዋች የነበረው። የቲም ሮዝን ቀረጻ ይወደው ነበር።

ጓደኛዬ ሐሙስ ካፌ ቀጥሮኛል። «ሄይ ጆ» የሄንድሪክስ ድርሰት ነው ብሎ በማኪያቶ ሊወራረድ። እኔ በኬክ ይሁን ብያለሁ።